ማታ የመራው ጠዋት ለምን ይሸነፋል? የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ሌሊትና የቆጠራው ታሪክ



በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ፣ ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት ዓመት፣ በኅዳር ወር መግቢያ ላይ ባለው ማክሰኞ ማታ ከመካከላችን ብዙዎቻችን እንቅልፍ አጥተን እናድራለን። አንዳንዶቻችን በአረጋውያን መጦሪያና በሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ሆነን በእረፍት ሰዓታችን ስልካችንን እንከፍታለን። ሌሎቻችን ልጆቹን አስተኝተን ቴሌቪዥኑ ሥር እንቀመጣለን። አገር ቤት ያሉት ዘመዶቻችንም ሲነጋላቸው ደውለው «ማን አሸነፈ?» ይሉናል። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ «ገና አልታወቀም» ነው። ከዚያ ሁልጊዜ የሚነሳው ጥያቄ ይከተላል፦ «ማታ ሲመራ ያደረው ሰውዬ ጠዋት እንዴት ተሸነፈ? በመሐሉ ምን ተደረገ?»

ይህ ጥያቄ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ከኢትዮጵያ ለመጣን ሰዎች ደግሞ የዘገየ የምርጫ ውጤት የሚያስታውሰን ነገር አለ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። መልሱን ለማግኘት ግን የዚህን አገር የምርጫ ሌሊት ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ስለ ኢትዮጵያ ስናገር ብቻ ዓ.ም. እላለሁ። ሰዓቱን ግን በእኛው አቆጣጠር እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ምንድን ነው? የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚመረጠው ለአራት ዓመት ነው። ዘመኑ ሲጋመስ፣ በሁለተኛው ዓመት፣ የተወካዮች ምክር ቤት 435 መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከሴኔቱ 100 መቀመጫዎች ደግሞ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ለምርጫ ይቀርባሉ። ብዙ ክፍለ ግዛቶች አገረ ገዥያቸውንም የሚመርጡት ያን ጊዜ ነው። የካውንቲ አስተዳዳሪ፣ የትምህርት ቤት ቦርድ፣ ዳኛና ሸሪፍ የሚመረጡባቸው ቦታዎችም ብዙ ናቸው። የኪራይ ሕግ፣ የልጆቻችን ትምህርት ቤት፣ የሕክምና መድን፣ የኢሚግሬሽን ሕግ ሁሉ ከዚህ ምርጫ ጋር ይያያዛል። ሆኖም ወጥቶ የሚመርጠው ሰው ከፕሬዚዳንቱ ምርጫ ያነሰ ነው። የመራጩ ቁጥር ሲያንስ የእያንዳንዷ ድምፅ ክብደት ይጨምራል።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር በዚህ አገር እንደ ኢትዮጵያው ምርጫ ቦርድ ድምፅ ሰብስቦ ውጤት የሚያውጅ አንድ አገር አቀፍ ተቋም አለመኖሩ ነው። ድምፅ የሚቆጠረው በየካውንቲውና በየከተማው ነው። ካውንቲዎቹ ብቻ ከ3 ሺህ በላይ ናቸው። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ ሕግ አለው። ማታ በቴሌቪዥን «እገሌ አሸነፈ» ሲባል የምንሰማው የመንግሥትን አዋጅ ሳይሆን የዜና ድርጅቶችን ስሌት ነው። ሕጋዊው ውጤት የሚጸድቀው ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ነው። ስለዚህ «ውጤቱ ዘገየ» ስንል ብዙ ጊዜ የዘገየው የጋዜጠኞቹ ስሌት እንጂ ሕጉ የሰጠው ቀን አልፎ አይደለም።

የምርጫ ሌሊት የሚባለው ነገር ራሱ ድሮ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ክፍለ ግዛቶች የተወካዮቻቸውን ምርጫ የሚያካሂዱት በተለያየ ወር ነበር። ውጤቱም በፈረስና በመርከብ ስለሚጓዝ ሕዝቡ የሚሰማው ከሳምንታት በኋላ ነበር። በ1844 ሳሙኤል ሞርስ ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር በቴሌግራፍ ሽቦ መልእክት ላከ። በ1845 በወጣ ሕግ የፕሬዚዳንት ምርጫ በመላ አገሪቱ ከኅዳር የመጀመሪያው ሰኞ ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ እንዲሆን ተወሰነ። የዘመኑ ሕዝብ አብዛኛው ገበሬ ነበር። በኅዳር መከሩ ገብቷል፤ መንገዱም ገና በበረዶ አልተዘጋም። እሑድ የቤተ ክርስቲያን ቀን ስለሆነ ሰኞ ተጉዞ ማክሰኞ ለመምረጥ ይመች ነበር ይባላል። በ1846 የተመሠረተው አሶሺየትድ ፕሬስ የሚባለው የዜና ድርጅት ከ1848 ምርጫ ጀምሮ በየቦታው ሰው አስቀምጦ ድምፅ መሰብሰብ ያዘ። ዛሬም ማታ የምናየው ቁጥር አብዛኛው ከዚሁ ድርጅት የሚመጣ ነው።

የምክር ቤቱም ምርጫ በዚያው ማክሰኞ እንዲሆን ሕግ የወጣው በ1872 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው ከ1876 ጀምሮ ነው። ያም ሆኖ ሁሉም ወዲያው አልተከተለም። ሜይን የምትባለው ክፍለ ግዛት እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ የምክር ቤት ተወካዮቿን በመስከረም ትመርጥ ነበር። ሆኖም አብዛኛው አገር በአንድ ቀን መምረጥ ሲጀምር የምርጫ ሌሊት ተወለደ ማለት ይቻላል።

ያኔ ሕዝቡ ውጤት የሚሰማው ከጋዜጣ ቤቶች ደጅ ተሰብስቦ ነበር። ቴሌግራፍ ያመጣውን ቁጥር በትልልቅ ሰሌዳ ላይ ይጽፉታል፤ ወይም በፋኖስ ብርሃን በነጭ ጨርቅ ላይ ያሳዩታል። ብዙ ሺህ ሰው በብርድ ቆሞ ያነብባል፣ ይጮኻል፣ ይወራረዳል። በዚያ ሕዝብ መካከል ሴቶችም ነበሩ። በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ግን ሴቶቹ የሚሰሙት እነሱ ያልመረጡትን ውጤት ነበር።

እዚህ ላይ የጃኔት ራንኪንን ታሪክ ላንሳ። ሞንታና የምትባለው ሰፊና ተራራማ ክፍለ ግዛት ለሴቶች የመምረጥ መብት የሰጠችው በ1914 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1916፣ ራንኪን ለተወካዮች ምክር ቤት ተወዳደረች። ዓመቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ የነበረበት እንጂ የአጋማሽ ዘመን አልነበረም፤ ነገሩ ግን ያው ነው። በምርጫው ሌሊት የወጣው ወሬ ተሸንፋለች የሚል ነበር። ከዚያ ከሩቅ መንደሮች ድምፁ ቀስ እያለ መግባት ጀመረ። ከቀናት በኋላ ማሸነፏ ተረጋገጠ። በአሜሪካ ታሪክ ለኮንግረስ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። እንግዲህ በኮንግረስ የመጀመሪያዋ ሴት ማታ ተሸነፈች የተባለች ሴት ናት። የሩቁ ገበሬና ሚስቱ የሰጡት ድምፅ ዘግይቶ ስለደረሰ ከከተማው ድምፅ ያነሰ ዋጋ አልነበረውም።

በነሐሴ 1920 ለሴቶች በመላ አገሪቱ የመምረጥ መብት የሰጠው 19ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጸደቀ። በዚያው ዓመት ኅዳር 2 ቀን ማታ ከፒትስበርግ ከተማ ኬዲኬኤ የተባለ የሬዲዮ ጣቢያ የምርጫ ውጤት በአየር ላይ አሰማ። በዚያን ጊዜ ሬዲዮ ያለው ሰው በጣም ጥቂት ነበር። ነገር ግን የምርጫ ውጤት ከጋዜጣ ቤት ደጅ ወጥቶ ወደ ሳሎን መግባት የጀመረው ያኔ ነው። ሴቶች በመላ አገሪቱ የመረጡበት የመጀመሪያው ምርጫና ይህ የሬዲዮ ስርጭት በአንድ ሌሊት ዋሉ። ሴቶች በመላ አገሪቱ የተሳተፉበት የመጀመሪያው የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ደግሞ የ1922ቱ ነው።

«ሴቶች» ሲባል ግን ሁሉም ሴቶች አልነበሩም። በደቡብ ክፍለ ግዛቶች የሚኖሩ ጥቁር ሴቶችና ወንዶች በፈተና፣ በምርጫ ግብር፣ በዛቻና በድብደባ ከምርጫ ጣቢያ ይባረሩ ነበር። ይህን የሰበረው በ1965 የወጣው የመምረጥ መብት ሕግ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው የአጋማሽ ዘመን ምርጫ የ1966ቱ ነው። እኛ ከአፍሪካ መጥተን ዜግነት አግኝተን በቀላሉ የምንሰለፍበት ሰልፍ በእነዚያ ሰዎች ደም የተከፈተ መሆኑን መዘንጋት አይገባንም። በዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ አባሎቻችን ደግሞ ሌላም ነገር ታውቃላችሁ። ዲሲ በምክር ቤቱ የሚቀመጥላት ተወካይ በሕግ ማጽደቂያው ላይ ድምፅ የላትም። ኤሊኖር ሆምስ ኖርተን ለዚያ መቀመጫ የተመረጡት በ1990 በአጋማሽ ዘመን ምርጫ ነበር። በአንድ በኩል ዲሲ በሕጓ መሠረት የምርጫ መረጃ በአማርኛም የምታቀርብ ከተማ ናት።

ወደ ቴሌቪዥን እንምጣ። በ1952 ሲቢኤስ የተባለው ጣቢያ ዩኒቫክ የሚባል ትልቅ ኮምፒዩተር አቀረበ። ገና ጥቂት ድምፅ እንደተቆጠረ ኮምፒዩተሩ አይዘንሃወር በሰፊ ልዩነት ያሸንፋል አለ። ሰዎቹ አላመኑትም፤ ትንበያውን አቆዩት። ሌሊቱ ሲገፋ ኮምፒዩተሩ ልክ ሆኖ ተገኘ፤ ያን ጊዜ ቀድሞ ነግሮን ነበር ብለው ለተመልካች ገለጡ። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኖቹ ማን ቀድሞ ይናገር በሚል እሽቅድድም ገቡ። መራጮችን ከጣቢያ ሲወጡ እየጠየቁ ሳይቆጠር ውጤት መገመትም ተለመደ።

እሽቅድድሙ የራሱን ዋጋ አስከፈለ። በ2000 ማታ ስለ ፍሎሪዳ ጣቢያዎቹ መጀመሪያ አል ጎር አሸነፈ አሉ፤ ቀጥለው ያን አነሱ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ ጆርጅ ቡሽ አሸነፈ አሉ፤ ያንንም መልሰው አነሱ። ጉዳዩ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ በጠቅላይ ፍርድ ቤት አለቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2002 የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ማታ፣ ጣቢያዎቹ በጋራ የሚጠቀሙበት ቪኤንኤስ የተባለ ድርጅት ከመራጮች የሰበሰበውን አገር አቀፍ መረጃ ለማቅረብ ሳይችል ቀረ። ድርጅቱም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። የዚያን ሌሊት መቀመጫዎቹን ያሸነፉት ሰዎች ግን አልተለወጡም፤ ካውንቲዎቹ ድምፃቸውን እንደ ወትሮው ቆጠሩ። የፈረሰው ትንበያው እንጂ ምርጫው አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ማታ የመራው ጠዋት ለምን ይሸነፋል? መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ድምፅ የሚገለጸው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ቀድሞ የሚገለጸውና ዘግይቶ የሚገለጸው ድምፅ ደግሞ ከአንድ ዓይነት ሰፈር፣ ከአንድ ዓይነት ሰው አይመጣም።

አንደኛው ምክንያት የሰዓት ልዩነት ነው። ቨርጂኒያ ጣቢያዎቿን የምትዘጋው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ሜሪላንድና ዲሲ 2 ሰዓት ላይ። ካሊፎርኒያ ስትዘጋ በእኛ አካባቢ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ይሆናል። ሃዋይና አብዛኛው አላስካ ሲዘጉ እኩለ ሌሊት ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነግቶ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሆኗል።

ሁለተኛው ምክንያት የቦታ ልዩነት ነው። ለዚህ በ2006 በራሳችን ሰፈር የሆነውን እንውሰድ። ኅዳር 7 ቀን ማታ በቨርጂኒያ ለሴኔት የተወዳደሩት ሪፐብሊካኑ ጆርጅ አለንና ዲሞክራቱ ጂም ዌብ ነበሩ። ከገጠር ካውንቲዎች ድምፅ ሲገባ አብዛኛውን ምሽት አለን ይመሩ ነበር። ሕዝብ የሚበዛባቸው የሰሜን ቨርጂኒያ ካውንቲዎች፣ ብዙዎቻችን የምንኖርባቸው ማለት ነው፣ ቆጠራቸው ዘግይቶ ሲገባ ግን ዌብ ቀደሙ። ልዩነቱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ከተሰጠው ድምፅ ውስጥ 9 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። አለን ከሁለት ቀን በኋላ ሽንፈታቸውን ተቀበሉ። በዚያች መቀመጫ ሴኔቱ ወደ ዲሞክራቶች ዞረ። በተወካዮች ምክር ቤትም ዲሞክራቶች ስላሸነፉ በጥር 2007 ናንሲ ፔሎሲ የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሆኑ።

ሦስተኛው ምክንያት በፖስታ የሚሰጥ ድምፅ ነው። እንዲህ ያለው ድምፅ ከመቆጠሩ በፊት በብዙ ክፍለ ግዛቶች ፖስታው ላይ ያለው ፊርማ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል፤ ፖስታው ይከፈታል፤ ወረቀቱ ይስተካከላል። ይህ ጊዜ ይወስዳል። በ2018 በአሪዞና ለሴኔት የተወዳደሩት ሁለቱም ሴቶች ነበሩ፦ ሪፐብሊካኗ ማርታ ማክሳሊና ዲሞክራቷ ክሪስተን ሲነማ። በምርጫው ሌሊት ማክሳሊ ይመሩ ነበር። ብዙ ሰው በፖስታ የሚሰጠውን ወረቀት በመጨረሻው ቀን ይዞ መጥቶ ስለነበር ቆጠራው ቀናት ፈጀ። በስድስተኛው ቀን ሲነማ ማሸነፋቸው ታወቀ። አሪዞናም የመጀመሪያዋን ሴት ሴናተር አገኘች። ማክሳሊም ሽንፈታቸውን ተቀብለው እንኳን ደስ ያለሽ አሉ። በዚያው ዓመት ከ100 በላይ ሴቶች ለተወካዮች ምክር ቤት ተመረጡ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። የኤርትራ ስደተኞች ልጅ የሆነው ጆ ኔጉሴም ከኮሎራዶ ወደ ምክር ቤቱ የገባው ያኔ ነው።

በ2022 ደግሞ ምርጫው ኅዳር 8 ቀን ማክሰኞ ሆኖ የሴኔቱ ዕጣ የታወቀው ቅዳሜ ማታ ነው። የመጨረሻው ቁልፍ ኔቫዳ ነበረች። የኔቫዳ ሕግ እስከ ምርጫው ቀን ድረስ የፖስታ ማኅተም ያረፈበትን ድምፅ እስከ አራተኛው ቀን ድረስ ይቀበል ነበር። ከምርጫው ሌሊት በኋላ ሪፐብሊካኑ አዳም ላክሶልት ይመሩ ነበር። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበትና የሚሠሩበት የላስ ቬጋስ ካውንቲ ድምፅ ሲገባ ዲሞክራቷ ካተሪን ኮርቴዝ ማስቶ ከ8 ሺህ ባነሰ ልዩነት አሸነፉ። የተወካዮች ምክር ቤት ለማን እንደሆነ የታወቀው ደግሞ በስምንተኛው ቀን ነው፤ እሱን ሪፐብሊካኖች 222 ለ213 አሸነፉ። በኮሎራዶ አንድ የምርጫ ወረዳ ሪፐብሊካኗ ሎረን ቦበርት ከ300 ሺህ በላይ ከተሰጠ ድምፅ በ546 ድምፅ ብቻ አሸንፈዋል። እንግዲህ ዘግይቶ የተቆጠረ ድምፅ አንዴ አንዱን ፓርቲ፣ ሌላ ጊዜ ሌላውን ይጠቅማል። ለማንም ያደላ ደንብ አይደለም።

«የእኔ አንድ ድምፅ ምን ሊፈይድ?» ለምትሉ እህቶች ሁለት የቅርብ ምሳሌ ልጨምር። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሞንጎመሪ ካውንቲ አስተዳዳሪነት በዲሞክራቶች የውስጥ ማጣሪያ ምርጫ ነው የሚወሰነው ማለት ይቻላል። በ2018 ማጣሪያ ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን ያሸነፉት በ77 ድምፅ ነበር። በ2022 ሁለቱ እንደገና ገጠሙ። ሁለቱም ከ55 ሺህ በላይ ድምፅ አገኙ፤ ከድጋሚ ቆጠራ በኋላ ኤልሪች በ32 ድምፅ አሸነፉ። ምርጫው በሐምሌ አጋማሽ ተካሂዶ ይህ የተረጋገጠው በነሐሴ መጨረሻ ነው። ሠላሳ ሁለት ሰው ማለት የእኛ ማኅበር አንድ ስብሰባ ላይ የሚገኝ ሰው ነው።

ሁለተኛው የቨርጂኒያ ነው። የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ሳይሆን የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ምርጫ ነበር፤ በ2017። ኒውፖርት ኒውስ አካባቢ ሼሊ ሳይመንዝና ዴቪድ ያንሲ ተወዳደሩ። በድጋሚ ቆጠራ ሳይመንዝ በአንድ ድምፅ አሸነፉ ተባለ። በማግስቱ ዳኞች አንድ አከራካሪ ወረቀት ለያንሲ እንዲቆጠር ወሰኑ፤ ሁለቱም እኩል 11,608 ሆኑ። ሕጉ እኩል ሲሆን ዕጣ ይውጣ ስለሚል የሁለቱ ስም በሸክላ ሳህን ውስጥ ተጨምሮ በሕዝብ ፊት ዕጣ ወጣ፤ ለያንሲ ደረሰ። በዚያች አንዲት ዕጣ ሪፐብሊካኖች ምክር ቤቱን 51 ለ49 ይዘው ቆዩ። ዕቁብ ለምናውቅ ሰዎች ነገሩ አያስገርመንም፤ ዕጣ በሁሉም ፊት ከወጣ ያልደረሳት አትጣላም፤ ቀጣዩን ትጠብቃለች። ሳይመንዝም በ2019 እንደገና ተወዳድረው ያንሲን አሸነፉ።

አሁን ወደ እኛ ታሪክ ልምጣ። ብዙዎቻችን ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውሳለን። ሕዝቡ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ መረጠ። የአዲስ አበባ ውጤት ቶሎ ታወቀ፤ 23ቱንም የፓርላማ መቀመጫዎች ቅንጅት አሸነፈ። የሌላው አገር ውጤት ግን ዘገየ። በምርጫው ማታ በአዲስ አበባ ሰልፍና ስብሰባ ለአንድ ወር ተከለከለ። ገዥው ፓርቲም ተቃዋሚዎችም ቆጠራው ሳያልቅ አሸንፈናል አሉ። ጊዜያዊው ውጤት ይገለጻል የተባለበት ሰኔ 1 ቀን ደርሶ ቀኑ ተላለፈ፤ በዚያው ቀን በከተማው ጥይት ተተኮሰ። የመጨረሻው ውጤት ሲነገር ክረምቱ እያለቀ ነበር። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሳው ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አረጋግጧል። ከሟቾቹ ጀርባ እናቶች አሉ።

ስለዚህ ከመካከላችን አንዲት እናት «ውጤቱ ዘገየ» ሲባል ሆዷ ቢባባ አይፈረድባትም። ነገር ግን ሁለት ዓይነት መዘግየት አለ። አንደኛው በር ተዘግቶ የሚሆን ነው፤ ማን እንደሚቆጥር፣ ስንት እንደቀረ፣ መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም። ሁለተኛው በር ተከፍቶ የሚሆን ነው፤ የሁለቱም ፓርቲ ታዛቢዎች ቆመው ያያሉ፤ ያልተቆጠረው ስንት እንደሆነና ከየት እንደሆነ በየዕለቱ ይነገራል፤ የተሸነፈ ሰው ድጋሚ ቆጠራ ይጠይቃል፣ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሁለቱን መዘግየቶች አንድ አድርጎ ማየት አደገኛ ነው፤ የመጀመሪያውን የለመደ ሰው ሁለተኛውንም ይጠረጥራል።

ይህ አደጋ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2020 የፕሬዚዳንቱ ምርጫ አሸናፊ የታወቀው ከአራት ቀን በኋላ ነው። በእነዚያ ቀናት «ድምፅ ተሰረቀ» የሚል ወሬ ተነዛ። በደርዘን የሚቆጠሩ ክሶች ቀርበው ፍርድ ቤቶች ውድቅ አደረጓቸው። ወሬው ግን አላቆመም፤ ጥር 6 ቀን 2021 ሰዎች የኮንግረሱን ሕንፃ ሰብረው ገቡ። በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በፉልተን ካውንቲ ድምፅ ሲቆጥሩ ያደሩ ሁለት ጥቁር ሴቶች፣ እናትና ልጅ፣ በሐሰት ተወንጅለው ብዙ የግድያ ዛቻ ደረሰባቸው፤ እናቲቱ ቤታቸውን ጥለው እስከ መውጣት ደረሱ። በ2022 በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት መከራቸውን ተናገሩ። በ2023 ፍርድ ቤት ስማቸውን ያጠፋው ሰው 148 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲከፍላቸው ፈረደ። ማታ በስልካችን የምናስተላልፈው አንድ ያልተረጋገጠ ወሬ መጨረሻው የማን ቤት ደጃፍ እንደሚደርስ ከእነዚህ ሴቶች መማር እንችላለን።

ስለዚህ በሚቀጥለው የምርጫ ሌሊት እንዲህ ብናደርግ ይበጀናል። አንደኛ፣ ማን ይመራል ከማለታችን በፊት ስንት በመቶ ተቆጠረ፣ የቀረውስ ከየትኛው ካውንቲ ነው ብለን እንይ። በመቶኛው ትንሽ ከሆነ መሪነቱ ምንም ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ የካውንቲያችሁ የምርጫ ጽሕፈት ቤት የሚያወጣውን ቁጥር ተመልከቱ፤ በስልክ ቡድናችን የተላከ ምንጩ ያልታወቀ ምስልና ድምፅ አታስተላልፉ። ሦስተኛ፣ በፖስታ የመረጣችሁ ከሆነ ድምፃችሁ መድረሱን ተከታተሉ፤ ፊርማችሁ አልተመሳሰለም የሚል ጥሪ ከመጣ ሳትዘገዩ መልሱ። ለየክፍለ ግዛቱ የተሰጠው ቀን ይለያያልና ቀድማችሁ ጠይቁ። አራተኛ፣ አገር ቤት ላሉት «ገና እየተቆጠረ ነው» ማለት የሚያሳፍር መልስ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። በየጣቢያው ተቀምጠው መዝገብ የሚያዩት፣ ወረቀት የሚሰጡት፣ ማታ ሒሳቡን የሚያመሳክሩት ሰዎች ከየሰፈሩ የመጡ ተራ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም በዕድሜ የገፉ ሴቶች ናቸው። በሜሪላንድ የምርጫ ዳኞች ይባላሉ። ሥልጠና ይሰጣቸዋል፤ ለውሎአቸውም ይከፈላቸዋል። ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ የሚችል ሰው በጣም ይፈለጋል። እኛ በማኅበራችን የእድሩ ገንዘብ በሦስት ሰው ፊት ተቆጥሮ፣ በመዝገብ ሰፍሮ፣ ተፈርሞበት ካልሆነ በቀር ተቆጠረ አንልም። አንዷ ገንዘብ ያዥ ቸኩላ ብቻዋን ብትቆጥር ታማኝ ብትሆንም አንቀበላትም፤ ሦስቱ ሲቆጥሩ ቢመሽ ግን እንጠብቃለን። ይህን ልማድ ያለን ሴቶች ለዚያ ሥራ እንመቻለን። ከመካከላችን ዜግነት ያላችሁ እህቶች በየካውንቲያችሁ የምርጫ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ተመዝገቡ። የፈለጋችሁ የማመልከቻ ቅጹን በመሙላት እንድንረዳችሁ ከወርኃዊው ስብሰባ በኋላ ጸሐፊዋን አነጋግሩ።